ወርቋ 8 ግራም፣ ወሬዋ አንድ ኩንታል

አባቴ ባቡር ነጂ ነበር። ድሬዳዋ ከዚራ፣ የባቡሩ ፉጨት በሚሰማበት ቤት ሦስት ልጆች አሳድጎ ሲያርፍ፣ ለመከፋፈል የሚያስቸግር ነገር የተወልን አንድ ብቻ ነበር፤ የወርቅ ክሮኖግራፍ የእጅ ሰዓት። ቤቱ የእናታችን ነው ብለን ጉዳዩን ዘጋነው። ሰዓቷን ግን ለሦስት መቁረጥ አይቻልም። እኔ ላስቀራት ፈለግሁ። ስለዚህ ሐረር ላለችው ታላቅ እህቴና ጅቡቲ ለሚኖረው ወንድሜ የየድርሻቸውን መክፈል ነበረብኝ። የስንት ሲሶ? መልሱን ለማግኘት ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ሰዓት ሠሪ አይደለሁም፤ የሒሳብ መምህር ነኝ። ከዚያ ወዲህ ግን «የአባቴን ሰዓት እስኪ እይልኝ» የሚሉ ሰዎች በሬን ማንኳኳት ጀመሩ። ለእያንዳንዱ ከምደጋግመው ያየሁትንም የተሳሳትኩትንም አንድ ጊዜ ልጻፈው።

ክሮኖግራፍ ከተራ ሰዓትነቷ በተጨማሪ ጊዜ የምትለካ ሰዓት ናት። በቀኝ ጎኗ፣ ከመሙያዋ በላይና በታች፣ ሁለት ቁልፎች አሏት። ከመካከል የተተከለችው ረጅም ቀጭን ዘንግ ዝም ብላ ቁጥር 12 ላይ ትቆማለች፤ የምትነሣው ቁልፍ ሲጫን ብቻ ነው። የአባቴ ሰዓት ገጽ ላይ ሁለት ትንንሽ ክቦች አሉ። ቁጥር 9 አጠገብ ያለችው የዘወትሩን ሰከንድ ትቆጥራለች፤ ቁጥር 3 አጠገብ ያለችው ደግሞ ረጅሟ ዘንግ አንድ ዙር በዞረች ቁጥር አንድ ደቂቃ ታጠራቅማለች። (ቁጥር 3 ስል የታተመውን ቁጥር ማለቴ ነው፤ እኛ ያን ቦታ 9 ሰዓት እንለዋለን። በዚህች ብቻ ከአንድ የውጭ አገር ሰብሳቢ ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ሳንግባባ ቆይተናል።)

የገጿ መካከል ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚጠማዘዝ የቁጥር መስመር አለ። ልጅ ሳለሁ ጌጥ ይመስለኝ ነበር፤ አባቴ ግን ይሠራበት ነበር። ከሀዲዱ ዳር የተተከለው የኪሎ ሜትር ምልክት ሲያልፍ ያስነሣታል፣ ቀጣዩ ሲደርስ ያቆማታል። 80 ሰከንድ ከፈጀ ባቡሩ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው፤ 72 ከፈጀ 50። 3600ን ለሰከንዱ ማካፈል ነው፤ የሒሳብ መምህር ያደረገኝም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። በኋላ ዘመን በተሠሩት ክሮኖግራፎች ጠርዝ ላይ የሚታተመው መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 በታች አይወርድም። ለመኪና ውድድር የታሰበ ስለሆነ ለእኛ ባቡር አይሆንም። ጠመዝማዛው ግን ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር እየዞረ እስከ 20 ይወርዳል።

ዋጋ ፍለጋ መጀመሪያ የሄድኩት መጋላ ወደሚገኝ አንድ ወርቅ ቤት ነበር። ባለቤቱ የቆዳ ማሰሪያዋን አውልቆ ሚዛን ላይ አስቀመጣት፤ 41 ግራም። ከመሳቢያው ማግኔት አውጥቶ አስጠጋባት፣ ገለባበጣት፣ ከዚያም የ6 ግራም ባለ 18 ካራት ወርቅ ዋጋ እሰጣለሁ አለኝ። 41 ግራም በዓይኔ አይቼ ስድስት ሲለኝ ደሜ ፈላ። «ዘረፋ ነው!» ብዬው ወጣሁ።

ቀጥሎ ታይዋን ገበያ አንድ ሰዓት ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። እሱ ደግሞ ወርቋን ዞር ብሎም አላያትም። «ብራንዷ ምንድን ነው?» አለ። ገጿ ላይ «ክሮኖግራፍ ስዊስ» የሚል ብቻ ነው ያለው። ስልኩን ነካካ፣ ታዋቂ ስም አላገኘም። የላይኛውን ቁልፍ ተጫነ፤ ዘንጓ ተነሣች። ደግሞ ተጫነ፤ አልቆመችም። ሦስተኛ ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ሲጫን እጁን ያዝኩት። «ተበላሽታለች አቦ! ለመለዋወጫ ካልሆነ አትጠቅምም» ብሎ የወርቅ ሠሪውን ግማሽ ጠራልኝ።

በዚህ መካከል አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችን ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን የአንዲት ተመሳሳይ ሰዓት ፎቶ ለእህቴ ላከላት። ሻጩ የጠየቀባት ገንዘብ ያገለገለ ቪትዝ መኪና ይገዛል። እትዬ በዚያው ምሽት ደወለች። «የአባታችንን ሰዓት በሽልንግ ልትወስዳት ነው?» አለችኝ። እንግዲህ አንዲት ሰዓት ሦስት ዋጋ ወጣላት፤ በትንሹና በትልቁ መካከል ደግሞ አንድ መኪና አለ።

መጀመሪያ መሄድ የነበረብኝ ቦታ የሄድኩት በመጨረሻ ነው። በልጅነታቸው አንድ ግሪክ ዘንድ ሙያውን የተማሩ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ አሉ። ዓይናቸው ስለደከመ የሚሠሩት የድሬዳዋ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። ነጋዴው ያለኝን ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ የላይኛውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ተነሣች። የታችኛውን ተጫኑ፤ ቆመች። የታችኛውን ደገሙት፤ ዘንጓ ብር ብላ 12 ላይ ተመለሰች።

«የዚች የላይኛው መነሻ ብቻ ነው ልጄ። ማቆሚያውም መመለሻውም የታችኛው ነው። ስንቱ ደህና ሰዓት የላይኛውን ሲደበድቡት ተሰበረ መሰለህ።»

ማሽኗ ላንደሮን 48 ትባላለች፤ ከ1937 ጀምሮ (በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ እንደዚሁ ነው) ስዊዘርላንድ ውስጥ የተሠራች የክሮኖግራፍ ማሽን። ውድ የሆኑት፣ ለምሳሌ ቫልዡ 72፣ ማስነሣቱንና ማቆሙን የሚያዛቸው ዙሪያዋን ዓምድ ዓምድ ያላት ትንሽ ጎማ ናት። ያችን መሥራት አድካሚ ስለሆነ ላንደሮን ከጠፍጣፋ ብረት በሚቆረጥ፣ ካም በሚባል ቁራጭ ተካት፣ ክሮኖግራፍም ለብዙ ሰው ኪስ ቀረበ። ሁለቱ ቁልፎች እንዲህ ሥራ መከፋፈላቸው የዚች ማሽን ጠባይ ነው። በአብዛኞቹ ሌሎች ክሮኖግራፎች የላይኛው ያስነሣልም ያቆምማል፣ የታችኛው ወደ ዜሮ ይመልሳል። ስለዚህ ማንም «ተበላሽታለች» ሲላችሁ ማሽኗ ማን እንደሆነች ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት። ስሟና ቁጥሯ ክዳኑ ሲከፈት፣ ወዲያ ወዲህ ከምትወዛወዘው ጎማ አጠገብ ተቀርጾ ይገኛል።

«ክሮኖግራፍ ስዊስ» የኩባንያ ስም አይደለም። የስዊስ ክሮኖግራፍ ማለት ነው፣ በቃ። ብዙ ትንንሽ ገጣጣሚዎች ማሽኑን ከአንዱ፣ ቀፎውን ከሌላው፣ ገጹን ከሦስተኛው እየገዙ በዚህ ጽሑፍ ይሸጡ ነበር። ይህ ዋጋዋን ዝቅ ያደርገዋል፤ ስም የላትምና። ያም ሆኖ ሐሰተኛ አያደርጋትም፤ ነጋዴው ሁለቱን አደባለቃቸው።

ሽማግሌው ማሽኗን አውጥተው ቀፎዋን ብቻዋን ሲመዝኑ ያየሁትን አልረሳውም። የውጭ ክዳኗና ዙሪያዋ ወርቅ ነው፤ በእነሱ ሥር ግን ተራ ብረት የሆነ የውስጥ ክዳን ተደብቋል። ማሰሪያ የሚገባባቸው አራቱ ቀንዶችም ውስጣቸው ባዶ ነው፣ እንደ ቄጤማ። ከ41 ግራሙ ወርቅ የሆነው 8 ግራም ነበር። ወርቅ ሠሪው ሳይከፍታት ስድስት ያለው ይህን ዓይነት ስስ ቀፎ ከዚህ በፊት አይቶ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውየውን በአደባባይ ያዋረድኩት በዚህ ነው።

የወርቁን ጥራት ለማወቅ ከክዳኑ ውስጠኛ ፊት ያለውን ማኅተም በማጉያ ማየት ይበቃል። 0.750 ወይም 18 ኬ የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አያስተማምንም፣ ማንም ሊያትመው ይችላልና። ከ1880 እስከ 1995 በስዊዘርላንድ ባለ 18 ካራት የወርቅ ቀፎ ላይ የመንግሥት ማኅተም ሆኖ ይመታ የነበረው የሴት ራስ ነው፤ ሄልቬሺያ ይሏታል። የ14 ካራቱ ሽኮኮ ነበር። ፈረንሳይ አገር ገብታ የተሸጠች ከሆነች ደግሞ ትንሽ ጉጉት ልታገኙ ትችላላችሁ። የእኛዋ የሴቲቱ ራስ ብቻ አላት፣ ግማሹ በመነካካት ጠፍቷል። ወርቅ ሠሪ በአሲድ ልፈትን ካላችሁ ከውስጥ በኩል ይፈትን። ከውጭ በሞረድ የተፋቀ ስስ ወርቅ ተመልሶ አይሞላም።

ስለ ማግኔቱም ልናገር። ከወርቅ ቤቱ በወጣሁ ማግስት ሰዓቷ በቀን ከ10 ደቂቃ በላይ መቅደም ጀመረች። እኔ ሞተች ብዬ ነበር። ሽማግሌው ሳቁ። ውስጧ ያለችው እንደ ፀጉር የቀጠነች ሞላ ማግኔት ሲይዛት ጠምዛዛዎቿ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ሞላዋ ያጠረች ያህል ስለሚሆን ሰዓቷ ትሮጣለች። በአንዲት ጥቅልል ሽቦ ባላት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ላይ አሳልፈው በሰከንዶች ፈወሷት። የስልክ ኮምፓስ ከፍታችሁ ሰዓቱን ስታስጠጉ መርፌው ከተወዛወዘ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ወርቅ በማግኔት አይሳብም የሚለው እውነት ነው፤ ግን ሙሉ ሰዓት ላይ ያ ፈተና ምንም አይነግርም፣ ማሽኑ ብረት ነውና።

አሁን ጤንነቷን እንዴት እንደፈተሽን። ሙሉ በሙሉ ሞልተን በተጋደመችበት ድምፅ የሚለካ የስልክ መተግበሪያ አስጠጋንባት። በሰዓት 18,000 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 5 ጊዜ ትመታለች። በቀን 40 ሰከንድ ትዘገያለች አለን። ለዚህ ዕድሜ፣ ለዓመታት ላልታጠበች ማሽን፣ ይህ ነውር አይደለም። ዋናው ፈተና የሚመጣው ክሮኖግራፉ ሲነሣ ነው። ቁልፉ ሲጫን ጥርት ያለ «ቀጭ» ሊሰማ ይገባል፤ እንደ ሊጥ ከለሰለሰ የሆነ ነገር አልቋል። ዘንጓ ስትነሣ ትንሽ ብትዘል ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ ነውና ችግር የለም፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ ከዘለለች ወይም እየተንቀጠቀጠች ከሄደች ግን ማስተካከያ ትፈልጋለች። ከዚያ ግማሽ ሰዓት እንድትሄድ ተዉአት። ክሮኖግራፉ የሚሄደው ከዋናው ማሽን ጉልበት ወስዶ ስለሆነ፣ ሞላዋ የደከመ ወይም ዘይቷ የደረቀ ሰዓት እዚህ ላይ ትጋለጣለች። አንዳንዷ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቀጥ ትላለች። የእኛዋ 26 ደቂቃ ሄዳ ቆመች። ዘይቱ በድሬዳዋ ሙቀት ደርቆ እንደ ቅባኑግ ሙጫ ሆኖ ነበር።

መመለሷንም አሥር ጊዜ ፈተንን። ወደ ዜሮ የሚመልሳት የልብ ቅርጽ ባላት ብረት ላይ የሚያርፍ መዶሻ ነው፤ ልቡ የትም ቢቆም መዶሻው ሲመታው ወደ አንድ ቦታ ይዞራል። ሁልጊዜ በአንድ ሰከንድ ብቻ፣ በአንድ አቅጣጫ የምትሳሳት ከሆነ ዘንጓ አለቦታዋ ተተክላ ነውና ቀላል ነው። በየጊዜው የተለያየ ቦታ ላይ የምትቆም ከሆነ ዋጋ ቀንሱ፤ ወይ ዘንጓ ላልታለች ወይ ብረቱ ተበልቷል። አደራ፣ እየሄደች ሳለ መመለሻውን አትጫኑ፤ ለዚያ ተብለው ከተሠሩት ጥቂቶች በቀር ጥርስ ትሰብራላችሁ።

ዝገት ነበር የፈራሁት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ከተማዋን ሲመታ የአባቴ ሣጥን ውኃ ገብቶበት ነበር፣ ሰዓቷም እዚያ ውስጥ ነበረች። ሽማግሌው ሲከፍቷት የመሙያዋ እንጨት የምንለው ቀጭን ብረት ዝጎ አገኙት፤ ከእሱ ያለፈ ዝገት ግን አልነበረም። መሙያ በኩል የገባ ውኃ ገጹን ከመድረሱ በፊት ሰው ደርሶላታል። እናቴ ናት፤ በዚያ ቀን ሩዝ ውስጥ እንደቀበረቻት ያወቅኩት ስጠይቃት ነው።

ስለ ገጹ ግን ረዘም አድርጌ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ተበልቼበታለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ሻጭ ባለ ቢጫ ገጽ ሴይኮ 6139 የተባለች የጃፓን ክሮኖግራፍ ገዝቼ ነበር። ቢጫዋ የምትፈለገው አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ዊልያም ፖግ በ1973 ስካይላብ ወደተባለው የጠፈር ጣቢያ ይዟት ስለሄደ ነው፤ ሻጩም ይህን ታሪክ ከእኔ አሳምሮ ያውቅ ነበር። መካከለኛዋ ሰከንድ ትዞራለች፣ «ይኸው ትሠራለች» አለ፣ እኔም ከፈልኩ። ቤቴ ስደርስ ነው የገባኝ። 6139 የዘወትር ሰከንድ የሚባል ነገር የላትም። የምትዞረው የክሮኖግራፉ ዘንግ ናት፣ እሱ እያስነሣ ያሳየኝ ነበር፤ ሲያቆሟት ወደ ዜሮ አትመለስም ነበር። ቢጫውም የተቀባ ሆኖ ተገኘ። ከገጹ ግርጌ በጥቃቅን ፊደል መኖር የነበረበት 6139 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር የለም፤ በላዩ ተቀብቷል። የገዛሁት ቀለም ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ የአባቴን ሰዓት ገጽ በአሥር እጥፍ ማጉያ ስመለከት ልቤ ይመታ ነበር። በፋብሪካ የታተመ ጽሑፍ ጫፉ እንደ ምላጭ ስል ነው፤ በኋላ የተቀባ ገጽ ላይ ፊደሎቹ ይወፍራሉ፣ መስመሮቹም ትንንሾቹ ክቦች ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ይንሸራተታሉ ወይም ይደፈናሉ። ከቁጥር 6 ሥር «ስዊስ» የሚለው ጽሑፍ ካለ ደስ ይበላችሁ፤ ቀቢዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት እሱን ነው። አንድ ያየሁት የተቀባ ገጽ ላይ ደግሞ በፈረንሳይኛ የተጻፈው የፍጥነት መለኪያው ስም አናባቢው ላይ የምታርፈዋን ጭረት አጥቷል። ፈረንሳይኛ የሚያነቡ የድሬዳዋ ሽማግሌዎች ለዚህ ሥራ ከማጉያ መነጽር ይበልጣሉ። የእኛዋ ጭረቷ አለች፣ «ስዊሷ» አለች። ገጿ ግን ከብርማነት ወደ ደረቀ ሣር ቀለም ዞሯል፣ ቁጥር 7 አጠገብም የፍርፍር ያህል ነጠብጣብ አለ።

«ይጽዳ ይሆን?» አልኩ።

«ገጹን የሚያጸዳ ሰው ሲመጣ ሰዓትህን ይዘህ ሩጥ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በዚህ ገበያ ያረጀ ገጽ ከታደሰ ገጽ ይበልጣል፤ እኛ አገር ግን ሰው አሮጌ ነገር ሲሸጥ አስቀድሞ የሚያደርገው ማስወልወል ነው። ቀፎም እንዲሁ ነው። ብዙ የተወለወለ ቀፎ ቀንዶቹ እንደ ሳሙና ይድቦለቦላሉ፣ ማኅተሙ ይፈዛል፣ ስስ ወርቅ ደግሞ እስከ መቀደድ ይደርሳል። የእኛዋ አንዱ ቀንዷ ላይ ጎድጓዳ አላት። አባቴ እጁን ከሎኮሞቲቩ በር ጋር ያጋጨበት ቀን ትዝ ይለኛል፣ ሰዓቷን ከእጁ በፊት አየ።

የጨለማ ብርሃን ያላቸው ሰዓቶች ለመጡባችሁ አንድ ነገር። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቁጥሮቹ ላይ ይቀባ የነበረው ራዲየም ነው። ማብራቱ ቢቆምም ጨረሩ በ1,600 ዓመት ነው በግማሽ የሚቀንሰው፤ ስለዚህ ከፍታችሁ አትፋቁት፣ ብናኙንም አትተንፍሱ። በኋላ የመጣው ትሪቲየም በ12 ዓመት ገደማ ግማሹ ያልቃል። ገጿ ትሪቲየም ነኝ እያለች በመብራት ስትነካ ለረጅም ጊዜ አረንጓዴ የምታበራ አሮጌ ሰዓት በቅርብ ጊዜ ተቀብታለች።

ከመጡልኝ ሰዎች አንዱ አባቱ በደርግ ዘመን ሶቭየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ያመጣትን ፖልዮት የተባለች ክሮኖግራፍ ይዞ ነበር። ማሽኗ 3133 ናት፤ ከቫልዡ 7734 ተወስዳ ከ1976 ጀምሮ ሞስኮ ውስጥ የተሠራች፣ በሰዓት 21,600 የምትመታ ጠንካራ ማሽን። የወርቅ ቅብ ነበረች፣ ቅቡም ተልጧል። «ወርቅ ናት» ብሎ ለመጣው ልጅ ይህን መንገር ከባድ ነበር፤ ሆኖም ማሽኗ ከእኛዋ በተሻለ ጤንነት ላይ ነበረች።

ወደ ዋጋው ልመለስ። እትዬን ያሳበዳት ፎቶ ላይ የነበረው የተጠየቀ ዋጋ ነው። አንድ ሰው ጫማውን አንድ ሚሊዮን ብር ሊጠይቅበት ይችላል፤ የሚቆጠረው የተሸጠበት ነው። ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የተጠናቀቁ ሽያጮችን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ምርጫ አለ። ለሦስት ወር ማታ ማታ እየተቀመጥኩ ማሽናቸው፣ ወርቃቸውና መጠናቸው ከእኛዋ ጋር የሚመሳሰል 14 የተሸጡ ሰዓቶች መዘገብኩ። ፎቷቸው ግልጽ ያልሆነውን ጣልኩ፣ የቀሩትን በገጻቸው ለየኋቸው።

ዋጋቸውን የጻፍኩት በዶላርም በብርም አልነበረም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ በብር የጻፍከው ቁጥር ቀለሙ ሳይደርቅ ያረጃል። ስለዚህ መለኪያዬን ራሷን ወርቋን አደረግሁት። ገጻቸው የተቀባ ወይም የተበላሸ ሰዓቶች የተሸጡት በቀፏቸው ወርቅ ዋጋ ወይም ጥቂት ከፍ ብለው ነው። ያረጁ ግን ያልተነኩት አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ አወጡ። ንጹሕ ገጽ ያላቸው፣ ቀፏቸው ያልተወለወለ፣ እጥፍ ደረሱ። ስም ያላቸው ሰዓቶች በዚህ ሒሳብ አይገዙም፤ የብረት ቀፎ ያላት ኦሜጋ ስፒድማስተር ከእኛ ወርቅ ብዙ እጥፍ ታወጣለች፣ ብረቷ ምንም ሳያወጣ። ስም የሌላት የወርቅ ሰዓት ግን እግሯ ወርቁ ላይ ነው የቆመው፤ ገጿ የሚወስነው ከዚያ በላይ ምን ያህል ቀና እንደምትል ነው።

የእኛዋ ከመካከለኞቹ ናት። 8 በ1.5 ሲባዛ 12 ግራም። ከዚህ ላይ ሽማግሌው ለማጠቢያ፣ ለዘይትና ለአዲሱ የመሙያ ብረት የጠየቁኝ የግማሽ ግራም ዋጋ ተቀነሰ፤ 11.5።

ክርክሩ የመጣው ቀጥሎ ነው። በዚያ ዋጋ የሚገዛ ሰው ድሬዳዋ ውስጥ የለም። ውጭ ለመሸጥ የሽያጭ ክፍያ፣ የመላኪያና የኢንሹራንስ ወጪ ሌላ 2 ግራም ያህል ይበላል። እኔ ይቀነስ አልኩ። ሐረር ሄጄ ወረቀቴን ዘርግቼ ሳስረዳ እትዬ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ልትሸጣት ነው?» አለች።

«አይደለም።»

«ታዲያ ላልተላከ ዕቃ የመላኪያ ምን ያስከፍለኛል?»

እኔም መልስ ነበረኝ፤ አንቺም ብትወስጃት ኖሮ ገንዘብ የምታገኚው ያን ወጪ አውጥተሽ ነው አልኳት። ወንድማችን በስልክ እየሰማ ነበር፤ «ግማሽ ግማሹን ተሸከሙና ምሳዬን ልብላ» አለ። ስለዚህ ከ2 ግራሙ 1 ተቀነሰ፣ 10.5 ግራም ሆነ፣ ለእያንዳንዳችን 3.5። ወረቀቱ ላይ የጻፍነው ብር ሳይሆን ግራም ነው፤ በሚከፈልበት ቀን ዋጋ። ወንድሜ በፍራንክ ተቀበለ። እትዬ ግን ብሩን ስሰጣት መለሰችልኝ። ወርቁን ገዝተህ አምጣልኝ፣ ጉትቻ አሠራበታለሁ አለች። ሐረር ውስጥ ስንት ወርቅ ቤት እያለ፣ «ያ ስድስት ያለህ ሰውዬ ሐቀኛ ይመስላል፤ ከእሱ ይሁን።»

እንዲህ ሆኖ መጋላ ተመለስኩ። ሰውየው ወዲያው አወቀኝ።

«ያቺ ሰዓት ስንት ወጣች?»

«ስምንት።»

«ግራሙን አይደለም፣ ዋጋዋን ነው የጠየቅኩህ።»

«አሥር ተኩል ግራም።»

ትንሽ አሰበ። «ታዲያ ሱቄ ውስጥ ሰው ፊት የጮህከው ለአራት ተኩል ግራም ነው?»

ይቅርታ ጠየቅሁት፤ በእጁ እንደ ዝንብ ገፋው። የእትዬን ወርቅ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ፣ 3.5 ላይ ቆመ። መሳቢያውን ሲከፍት ማግኔቱን አየሁትና ሰዓቷን ያሰርኩበትን እጄን ቀስ ብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።